ወንድሜ ያልኩት ሰውዬ

ስልክ እያወራሽ ሂጂ ያለችኝ ታላቅ እህቴ ናት። እሷ እግሯን ከሰፈሯ አውጥታ አታውቅም፤ ምክር ላይ ግን ዓለምን ዞራ የጨረሰች ነው የምትመስለው። “ሴት ብቻዋን ስትሄድ ያየ ሁሉ ባለቤት የሌላት ዕቃ ትመስለዋለች” አለችኝ። “ስልኩን ጆሮሽ ላይ ለጥፊና ባል እንዳላት ሴት ተነጫነጪ።” ባል ኖሮኝ አያውቅም። መነጫነጭ ግን ከማንም አልበደርም።

ሥራዬ የስፌት መኪና ጥገና ነው። የምሠራበት የልብስ ፋብሪካ አዳዲስ መኪኖች ሊያስገባ ሲል አጠጋገናቸውን ተማሪና ተመለሺ ብሎ ወደማላውቀው አገር፣ ወደማላውቀው ከተማ ላከኝ። ወዶ እንዳይመስላችሁ። ሊሄድ የነበረው ወንድ ባልደረባዬ እግሩ ተሰብሮ ነው። አለቃዬ ሲሸኘኝ እንኳ “አንቺ ሳምንትም አትቆዪ፤ ስትመለሺ ክር ቆራጭ ክፍል ቦታ አይጠፋም” አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ክር ቆረጣ የጀመርኩበት ቦታ ነው። ከዚያ ተነስቼ መፍቻ እስክጨብጥ ያየሁትን እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። ስለዚህ ስልጠናውን ሳልጨርስ ላልመለስ ምዬ ወጣሁ።

ከተማው ግን አልወደደኝም። እኔም አልወደድኩት፣ እኩል ነን። ከስልጠናው ወጥቼ ከባቡር ስወርድ ጀምሮ እስከ ተከራየሁበት ቤት ድረስ ያለው መንገድ የወንድ ነው። ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወንበራቸውን ወደ መንገዱ አዙረው የሚቀመጡ አሉ። መኪናውን ቀስ አድርጎ ከጎንሽ የሚነዳ አለ። ድመት እንደሚጠራ ሰው ከንፈሩን የሚያጮህ አለ። ሴቶቹ ደግሞ ከመስኮት ሆነው ጥፋቱን የሠራሁት እኔ ይመስል እኔኑ ይገላምጡኛል። ደሜ ይፈላል፣ ግን የአገሩን ቋንቋ የማውቀው ለመርፌ፣ ለቀበቶ፣ ለብሎንና ለዘይት የሚበቃውን ያህል ነው። በብሎን ደግሞ ማንንም መስደብ አይቻልም።

እናም ባል ፈጠርኩ። ስሙን “ሻምበል” አልኩት፤ ለፈጠርኩት ባል ማዕረግ ብሰጠው ማን ይከለክለኛል? ከባቡር ስወርድ የተዘጋ ስልኬን ጆሮዬ ላይ አደርግና እጀምረዋለሁ። “አንተ ሻምበል፣ ለመሆኑ ሰው አለኝ ትላለህ? እዚህ አምጥተህ ጥለኸኝ...” አፍ ዳገት አይፈራም እንዲሉ፣ እያደር ነገሩ ጣመኝ። የእውነት ባል ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ቀን ጥሎኝ ይሄድ ነበር።

ከጣቢያው ደረጃ ሥር አንድ መስታወት ያለው ጠባብ ሱቅ አለ፤ ቁልፍ ይቀረጽበታል፣ የጫማ ተረከዝም ይቀየርበታል። ባለቤቱ ጭምት ሰውዬ ነው። ሰው ቁልፍ ሲሰጠው ተቀብሎ፣ ሞርዶ፣ አራግፎ ይመልሳል እንጂ ቃል አይወጣውም። እኔ “ዱዳው” ብዬዋለሁ። የእግረኛው መብራት ቀይ ሆኖ የሚያቆመኝ ደግሞ ልክ እሱ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። ያ መብራት ቀይ ከሆነ አይለወጥም። ሻምበልን በደንብ የምቆጣው እንግዲህ እዚያ ነበር።

ያላልኩት የለም። የቤቱ የመጨረሻ ፎቅ ላይ ብቻዬን እንደምኖር አልኩ። የክፍሌ በር መቆለፊያ ምላሱ እንደማይይዝ፣ ማታ ማታ ወንበር አስደግፌ እንደምተኛ አልኩ። አከራዬ ጆሯቸው እንደደከመ፣ ከጨለመ በኋላ ቤቱ ቢፈርስ እንደማይሰሙ አልኩ። መቆለፊያውን እኔው ልሥራው ብላቸው “ሴት ተከራይ በሬን አትፈታም፣ ባለሙያ አመጣለሁ” ብለው መሣሪያዬን ወስደው እንዳስቀመጡብኝ አልኩ። አንድ ቀን ዱዳው ቀና ብሎ ሲያየኝ “ይሄን ዱዳ እየው ሻምበል፣ እጁ ቁልፉ ላይ፣ ዓይኑ እኔ ላይ። ጣቱን ይሞርድለት” አልኩ። በዚያ ከተማ ቋንቋችንን የሚሰማ አንድም ሰው አላጋጠመኝም ነበር። ቋንቋዬ መጋረጃ መስሎኝ ከኋላው ቆሜ ልብሴን ሁሉ አወለቅኩ።

ደግሞ ሌላ ቀን፣ እዚያው መብራቱ ጋ፣ ስልኩን መዝጋት ረስቼ ኖሮ ሻምበልን እየሰደብኩ ሳለ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። እህቴ ናት የደወለችው። ሻይ ቤት የተቀመጡት በሙሉ ሳቁ። ዱዳው አልሳቀም። ቁልፉን አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ሲያየኝ እኔ ደንግጬ የስልኬን ቁልፍ ስጫን ነበር።

አከራዬን ላስተዋውቃችሁ። ጸጉራቸው የነጣ፣ ወገባቸው ያልጎበጠ፣ ቁልፍ በገመድ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴትዮ ናቸው። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ለተከራይ የሚመጣ ወንድ፣ የሥጋ ዘመድ ካልሆነ በቀር፣ ደረጃቸውን አይረግጥም። ኩሽናቸው ግድግዳ ላይ የአንድ ጎልማሳ ፎቶ ተሰቅሏል። የሞተው ወንድማቸው ነው። በመጣሁ ሰሞን ፎቶውን አሳይተውኝ በእናንተ ቋንቋ ምን ትሉታላችሁ ብለው በእጃቸው ጠየቁኝ። “ወንድሜ” አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሻያቸውን ይዘው ፎቶው ፊት ቆመው “ወን-ዲ-ሜ” ይላሉ። “እህቴ”ንም ተምረዋል። ከእነዚህ ውጭ ለኔ የሚሉኝ መልካም ነገር ብዙም አልነበረም፤ መብራት አጥፊ፣ ውኃ አታፍስሺ፣ ጫማሽን አውልቂ ነው።

ነገሩ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከስልጠና ቀደም ብለው ለቀቁን፤ አሰልጣኙ ራስ ምታት ይዞት ነው። ደክሞኝ ነበርና ስልኩንም አላወጣሁም። መብራቱ ቀይ ሆነና ቆምኩ።

“ሻምበል ዛሬ አልደወለም?” አለኝ አንድ ድምፅ፣ በቋንቋችን።

ዞር ስል ዱዳው ነው። እንደ እኛ አድርጎ፣ እንደ ሰፈሬ ልጅ አድርጎ ነው የተናገረው። ክው አልኩ። እጁ ላይ ያለውን ቁልፍ ማገላበጡን እንኳ አላቆመም።

“ምላሱ አሁንም አልያዘም? ወንበር ብቻውን እኮ አያስጥልሽም። በአንድ እርግጫ ነው የሚሄደው።” ከዚያ ቀና አለ። “አትፍሪ። እኔ ዱዳ ነኝ፣ ለማንም አልናገርም። ጣቴም አልተሞረደም፣ ይኸው።” ጣቶቹን ዘርግቶ አሳየኝ።

ስድብ ከአፌ ሞልቶ ሲፈስ የኖረው ሴትዮ አንድ ስድብ አጣሁ። የወጣልኝን ልንገራችሁ? እናቴ ያስተማረችኝ፣ ለሌባም ለሰካራምም ለጉልበተኛም የምንለው ነው የወጣው።

“ወንድሜ” አልኩት። “ወንድሜ፣ በእናትህ ተወኝ።”

ከጎኔ አንድ የገበያ ዘንቢል መሬት ላይ ቁጭ አለ። አከራዬ ናቸው። ዳቦና ሽንኩርት ገዝተው ሲመለሱ መብራቱ እሳቸውንም አቁሟቸዋል። ጆሯቸው ደካማ ነው ብያችሁ የለ? ይቺን ግን ሰሟት። ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

“ወን-ዲ-ሜ?” አሉ፣ በጣታቸው ወደ ሰውዬው እየጠቆሙ።

ሰውዬው እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ። አንድ አፍታ ነው ያሰበው። ከዚያ በአገሩ ቋንቋ፣ እንደ ውኃ በሚፈስ አነጋገር፣ “አዎ እማዬ፣ እህቴ ናት፤ ተኳርፈን ነው” አላቸው። እኔ “አይደለም፣ አይደለም” እላለሁ። አይደለም ብሎ ጭንቅላት መነቅነቅ ደግሞ የተኳረፈ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ማታውኑ ላስረዳቸው ሞከርኩ። “እሱ፣ ወንድም፣ የለም” አልኳቸው። የስፌት መኪና ቋንቋ ሆነና ከዚያ አላልፍ አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እሳቸውም ያቺን ቃል ይዘው አለቅም አሉ። “በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቁልፍ ሠሪ ስለሆነ ነው የምታፍሪበት?” አሉኝ። ቀስ ብለው፣ እኔ እንዲገባኝ ቃሉን እየቆራረጡ፣ ፎቶውን እያሳዩ ነገሩኝ። ከወንድማቸው ጋር ተጣልተው፣ በራቸውን ዘግተውበት፣ ሳይታረቁ ነው የሞተው። “እኔ ቤት ውስጥ በወንድሙ ላይ በር የሚዘጋ ሰው አይኖርም” አሉ። የመጣብኝን ጉድ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ክፉ ሴት ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ መንገዱ ተለወጠ። ሻይ ቤት ያሉት ከንፈራቸውን አላጮኹም። አንደኛው እንዲያውም ከወንበሩ ብድግ ብሎ አሳለፈኝ። ያ በመኪና የሚያዘግመው መስኮቱን ዘግቶ አለፈ። የቁልፍ ሠሪው እህት ሆኛለኋ። አንዲት ከመስኮት የምትገላምጠኝ ሴት ሳቀችልኝ። የተመኘሁት ሰላም መጣልኝ ማለት ነው፣ እንደዚህ ሆኖ።

ሱቁ ጋ ስደርስ ሰውዬው ቀና አላለም። “አየሽ?” አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ተረከዝ እየቸነከረ። “አሁን ማንም አይነካሽም። ብትጮሂም ማንም አይመጣም፤ የወንድምና የእህት ጠብ ውስጥ ማን ይገባል? ቅዳሜ መጥቼ በሩን እሠራልሻለሁ። አሮጊቷ ጠርታኛለች።”

ለእህቴ ደወልኩላት፣ ይኼኛውን የእውነት። ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና “ወንድሜ ማለትሽ ደግ አደረግሽ” አለችኝ። “ወንድሜ ሲሉት የማይራራ ወንድ የለም።”

“እትዬ፣ አልራራም እኮ ነው የምልሽ።”

“ደግመሽ በይው።”

ስልኩን ግድግዳ ላይ ልፈጠፍጠው ነበር። ከዚያ ግን ማልቀስ ጀመረች። “በቃ ነይ፣ ክርም ቢሆን ቁረጪ” አለችኝ። እኔም አለቀስኩ። ሻንጣዬን አልጋው ላይ አውጥቼ አየሁት፤ መልሼ ከሥር ከተትኩት። ለአንድ ቁልፍ ሠሪ ብዬ ያን አለቃ አላስቅም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መጡ። አከራዬ ከፊት፣ ሰውዬው የመሣሪያ ቦርሳውን ይዞ ከኋላ። ከታች ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌርም ጠብ ሊያዩ ይመስላል፣ ሱሪያቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው ደረጃው ላይ ቆሙ። እኔ በሩ መሀል ቆሜያለሁ፤ ከስልጠናው ያመጣሁትን መፍቻ ይዣለሁ። ሰውዬው አዲስ መቆለፊያ ከነቁልፉ አውጥቶ ለአከራዬ አሳያቸው። ጥሩ ዕቃ ነው፣ እሱን አልዋሽም። ያ መቆለፊያ ክፍሌ በር ላይ ከገባ ግን የበሩ ባለቤት ማን እንደሚሆን አውቃለሁ።

“ልቀቂ” አሉኝ አከራዬ።

“አለቅም።”

“በሩ የኔ ነው። ወይ ወንድምሽን አስገቢ፣ ወይ ዕቃሽን ሸክፊ። ዛሬ፣ አሁን።” አንገታቸው ላይ ያለውን ገመድ እየጎተቱ ነው የሚናገሩት።

ሹፌሩ ከታች ሆነው አንገታቸውን ነቀነቁ። እንዴት ያለች ጨካኝ እህት ናት እንደሚል ሰው ነው የነቀነቁት። ሰውዬው በቋንቋችን “በቃ ቀለል አድርጊው፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ” አለኝ፣ ከልቡ የተዋረደ ወንድም መስሎ። ይህ ሰው ስለኔ የማያውቀው ምን አለ? ፎቄን ያውቃል፣ ወንበሬን ያውቃል፣ ሻምበልን ያውቃል፣ እትዬን ያውቃል። እዚያ መብራት ሥር ቆሜ ያልነገርኩት ምን ቀረ?

አንድ ነገር ቀርቷል። ሰው ስልክ ላይ የራሱን ስም አይጠራም።

“እሺ” አልኩ በአገሩ ቋንቋ። “እሱ ወንድም። እሺ። ስሜ ማን? እሱ ይበል።”

አከራዬ ፊታቸውን አጨማደዱ፤ አልገባቸውም መሰለኝ። በመፍቻው ደረቴን እየነካሁ ደገምኩት። “ስሜ። ማን?”

ሰውዬው ፈገግ አለ። ዱዳው ምላሱ ሲፈታ እሳት የላሰ ነው። “ቤት ውስጥ በስሟ ጠርተናት አናውቅም” አላቸው። “ሁላችንም እህቴ ነው የምንላት።”

“እህ-ቴ” አሉ አከራዬ፣ የሚያውቋትን ቃል ስላገኙ ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸው ክንዴ ላይ አረፈ፣ ከበሩ ሊያነሳኝ። አለቀልኝ አልኩ። ሻንጣዬ በዓይኔ መጣ፤ የክር ቆራጮቹ ረጅም ጠረጴዛም በዓይኔ መጣ።

“እናቷስ ምን ብላ አወጣችላት?” አሉ ሹፌሩ ከደረጃው ላይ። ሊረዱኝ ብለው አይደለም። ወሬ ፈልገው ነው።

አከራዬም ወደ ሰውዬው ዞሩ። ንገራቸው እንጂ፣ በሚል ዓይን። ሰውዬው አፉን ከፈተ። ሲፈልግ ይታየኛል፤ ቀይ መብራቱን ሁሉ ሲያስታውስ፣ የሻምበልን ንጭንጭ ሁሉ ሲበረብር። ስሜ እዚያ የለም። በመጨረሻ አንድ ስም ወረወረ፣ በየቤቱ የማይጠፋ፣ በኛ አገር መንገድ ላይ ቢጣሩበት ሦስት ሴት የምትዞርበትን ስም።

አከራዬ ጠዋት ጠዋት ስሜን እያጣመሙ ነው ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሱኝ። ያጣምሙታል እንጂ አይረሱትም። እጃቸው ከክንዴ ላይ ወረደ። “አይደለም” አሉ። ስሜንም ጠሩት፣ እንደ ልማዳቸው አጣመው፣ ጮክ ብለው።

ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉ። “ቁልፎቹን” አሉት። ሁለት ቁልፍ ሰጣቸው። መዳፋቸውን አላጠፉም። “አዲስ መቆለፊያ ሦስት ቁልፍ ነው ያለው።” ሰውዬው ቀስ ብሎ ሦስተኛዋን ከደረት ኪሱ አወጣ።

መቆለፊያውን መልሶ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ወረደ። በጎኔ ሲያልፍ “ሻምበል በስምሽ ጠርቶሽ አያውቅም እንዴ?” አለኝ በቋንቋችን፣ ሳይስቅ። ሹፌሩ እንዳላየ ሆነው ቤታቸው ገቡ። በራቸውን ሲቆልፉ ሰማሁ።

አከራዬ ይቅርታ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። ኩሽና አስገብተው ወንበር ላይ አስቀመጡኝና ከፎቶው ሥር ቆሙ። የተናደዱት በኔ ነው። “ይህን ቃል እኔ ለሞተው ወንድሜ ነው የምለው” አሉ። “አንቺ ለማያውቁት ሰው ትወረውሪዋለሽ?”

“እኛ” አልኩ፣ ቃል በቃል እየፈለግኩ፣ “የምንፈራውንም ወንድሜ እንላለን።”

“ለምን?”

“እንዲምረን።”

ፎቶውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። “ማረሽ?”

“አልማረኝም።”

መሣሪያዬን ካስቀመጡበት መሳቢያ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ። መቆለፊያውን ፈትቼ ምላሱን አቅንቼ፣ ያለቀውን ሞላ ቀይሬ ሳልነሳ ገጠምኩት። ለኔ ቀላል ሥራ ነበር። ሲይዝ ድምፁን አብረን ሰማነው። ከዚያ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና አንድ ዓረፍተ ነገር በቋንቋቸው አስተማሩኝ። እስክይዘው ድረስ ደጋግመው አስባሉኝ፤ ስሳሳት ጉልበቴን በጣታቸው ይመቱኛል። በእኛ ቋንቋ አንዲት ቃል ናት።

ሰኞ ከባቡር ስወርድ ስልኬን አላወጣሁም። ሻይ ቤት ያሉት ወሬው ደርሷቸዋል፤ ወንበራቸው ወደ መንገዱ ዞሯል፣ ከንፈራቸውም ወደ ቀድሞ ሥራው ተመልሷል። የማንም እህት አይደለሁማ። መብራቱ ቀይ ሆነ። ቆምኩ።

“እንደምን ዋልሽ” አለኝ ሰውዬው፣ ቁልፍ እየሞረደ። ከዚያ ስሜን ጠራው። አከራዬ ደረጃው ላይ ጮክ ብለው የጠሩትን አቃንቶ፣ እናቴ እንደምትጠራኝ አድርጎ ጠራው።

ያቺ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጣች። ወንድሜ፣ በእናትህ። ሕፃን ሆኜ የተማርኳት ናት፤ ያለ እሷ የለመንኩበት ቀን የለም። ዋጥኳት። ወደ ሱቁ ዞርኩና መጀመሪያ በአገሩ ቋንቋ፣ የሻይ ቤቱ ሰዎች እንዲሰሙ፣ የተማርኩትን አልኩ። ቀጥዬ እሱ እንዲሰማ በቋንቋችን ደገምኩት።

“አላውቅህም።”